ወደ ቦዩ የወረዱት ልጆች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቱሁንጋ ዋሽ የሚባል የጎርፍ መውረጃ አለ። ድሮ ወንዝ ነበር፤ ዝናቡ ሲበረታ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ቤትም ሰውም ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወረደው ጎርፍ በከተማዋና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ ሰው ከገደለ በኋላ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የአካባቢውን ወንዞች በኮንክሪት ወደ መገደቡ ገቡ። ጎርፉ ተገታ፤ ወንዙም አብሮ ጠፋ። የቀረው ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ግንብ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ጥልቅ ቦይ ነው። በጋውን ውኃ የለበትም ማለት ይቻላል።

ዛሬ በዚያ ቦይ አንደኛው ግንብ ላይ 2,754 ጫማ፣ ማለትም 840 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሥዕል አለ። ቁመቱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ሳይቆሙ ቢራመዱ እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከጥንት አራዊት ይጀምርና በቹማሽ ነባር ሕዝብ፣ በስፔኖች መምጣት፣ በባቡር ሐዲድ አንጣፊ ቻይናውያን፣ በስደተኞች፣ በጦርነት፣ በተፈናቃዮች በኩል አድርጎ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይዘልቃል። የሎስ አንጀለስ ታላቁ ግንብ ይባላል። የሣሉት ከ400 በላይ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ በፍርድ ቤትና በፖሊስ እጅ ያለፉ፣ ከድሃ ቤት የወጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ አንዳንዶቹም ለመተዋወቅ ጨርሶ የማይፈልጉ ነበሩ።

ስለዚህ ግንብ መጻፍ የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የተለያዩ ሕዝቦችን በኪነ ጥበብ እናቀራርብ ሲባል በየአገሩ የሚደረገውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ቀን ይቆረጣል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ የየአገሩ ምግብ ይቀርባል፣ ሁሉም በየተራ ወጥቶ ይጨፍራል፣ ፎቶ ይነሣል። ይህ ክፉ አይደለም፤ ልጆች የሌላውን እስክስታና የሌላውን ከበሮ ማየታቸው በጎ ነው። ነገር ግን ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስ የጎረቤቱን አለባበስ እንጂ የጎረቤቱን ታሪክ አላወቀም። ታላቁ ግንብ በሌላ መንገድ ሄዶ ሌላ ቦታ ደረሰ። እንዴት እንደ ደረሰ ማወቅ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ሥራውን የመራችው ጁዲት ባካ ትባላለች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1946 የተወለደች፣ ዘሯ ከሜክሲኮ የሆነ ሠዓሊ ናት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ልጅነቷ ከእናቷና ከአያቷ ጋር ያለፈ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ተምራ በ1969 ተመረቀች፤ አስተማሪ ሆና ተቀጠረች፤ የቬትናምን ጦርነት በመቃወሟ ከሥራ ወጣች። ከዚያ በ1970 የከተማው የመናፈሻና መዝናኛ መሥሪያ ቤት ለበጋ የሥዕል ትምህርት ቀጥሮ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ወዳሉ መናፈሻዎች ላካት። እዚያ ያገኘችው ጎረምሶችን ነው። መናፈሻው ውስጥ ካርታና ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ግድግዳ ላይ ስማቸውንና የጋንጋቸውን ምልክት ይጽፋሉ። የአንዱ ሰፈር ልጅ ወደ ሌላው ሰፈር አይሻገርም። ቢሻገር ይደበደባል፤ አንዳንዴም በሬሳ ይመለሳል።

ባካ ከአራት የተለያዩ ጋንጎች ሃያ ልጆች ሰብስባ አንድ የሥዕል ቡድን አቋቋመች። የመጀመሪያ ሥራቸው ሆለንቤክ በሚባለው መናፈሻ የሙዚቃ መድረክ ግድግዳ ላይ ያረፈ ነበር፤ እጆቿን ዘርግታ የምትቀበል አሮጊት። ርዕሱ «አያቴ» የሚል ነው። ምርጫው የዋህ ይመስላል፤ ግን የታሰበበት ነው። በዚያ አካባቢ የትኛውም ጋንግ ቢሆን አያቱን የማያከብር ልጅ አልነበረም። ሥዕሉ ሲሠራ ግራና ቀኝ ጠባቂ ልጆች ቆመው ተቀናቃኝ ሲመጣ ምልክት ይሰጡ ነበር፤ ፖሊስ ሲመጣም እንዲሁ። ካለቀ በኋላ ሰዎች መጥተው ሻማ ያበሩበት፣ አበባ ያስቀምጡበት ጀመር።

ባካ የሥራዋን ስልት ያገኘችው ከዚህ ይመስለኛል። ልጆቹን ሰብስባ ስለ ሰላም አልሰበከችም፤ ታረቁም አላለችም። ሁሉም የሚፈልገውን፣ ግን ማንም ብቻውን የማይወጣውን ሥራ አቀረበችላቸው። ለሥራው ሲሉ ድንበር ተሻገሩ። ለሥራው ሲሉ ከጠላት ሰፈር ከመጣ ልጅ ጋር ቀለም በጠበጡ። እርቁ ከኋላ መጣ፤ እሱም ሁልጊዜ አልመጣም።

በ1974 የጦሩ መሐንዲሶች በቱሁንጋ ዋሽ ዙሪያ መናፈሻ ሲያሰናዱ የቦዩን ግንብ የሚያስውብ ሰው ፈለጉና ባካን ጠሩ። እነሱ የፈለጉት ጌጥ ነበር። እሷ ወርዳ ስታይ የታያት ሌላ ነገር ነው፤ ቦዩ በመሬቱ ላይ የተሰፋ ቁስል ጠባሳ መስሎ ታያት። አብረዋት ይሠሩ ከነበሩት ጎረምሶች አንዱ በጩቤ ተወግቶ ሰውነቱ በጠባሳ ተሞልቶ ነበር፤ ጠባሳውን በንቅሳት ስለ መሸፈን ከእሱ ጋር አውርታለች። ይህም ግንብ ወንዙ በነበረበት ጠባሳ ላይ የሚነቀስ ንቅሳት እንዲሆን ወሰነች። በመጽሐፍ ያልተጻፈው የካሊፎርኒያ ታሪክ፣ ማለትም የነባሩ ሕዝብ፣ የጥቁሮች፣ የሜክሲኮዎች፣ የእስያ ሰዎች፣ የአይሁድ፣ የሴቶች ታሪክ እንዲነቀስበት አሰበች። በ1976 ከሁለት ባልደረቦቿ፣ ከሠዓሊዋ ክርስቲና ሽሌሲንገርና ከፊልም ሠሪዋ ዶና ዴች ጋር ስፓርክ የሚባል የሕዝብ ሥነ ጥበብ ማዕከል አቋቋመች። ማዕከሉ ብዙም ሳይቆይ ቬኒስ በሚባለው ሰፈር ድሮ ፖሊስ ጣቢያ በነበረ ሕንፃ ገባ። ልጆቹን ያስሩ የነበሩ ሰዎች ቤት ልጆቹ የሚሥሉበት ቤት ሆነ።

በ1976 በጋ ሰማንያ ያህል ልጆች ወደ ቦዩ ወረዱ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 21 ነው። አሥር ሠዓሊዎችና አምስት የታሪክ ባለሙያዎች አብረዋቸው ነበሩ። ልጆቹ በበጎ ፈቃድ አልመጡም፤ ከመንግሥት የወጣቶች የበጋ ሥራ በጀት ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። ይህን ነጥብ ማለፍ አልፈልግም። ደመወዝ ያለው ሥራ ሰዓት አለው፣ ኃላፊ አለው፣ መቅረት ዋጋ ያስከፍላል። ከማይወዱት ልጅ አጠገብ ለመቆም በቂ ምክንያት ይሰጣል። አንድ ልጅ ለቤቱ ገንዘብ ይዞ ሲገባ ቤተሰቡም ሥራውን ያከብርለታል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች ለልጆች ፍቅር ብቻ ይዘው ይመጡና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ብቻቸውን ይቀራሉ።

በዚያ አንድ በጋ አንድ ሺህ ጫማ ተሣለ። ፍጥነቱ ያስገርማል። ግን ጉድለት ነበረው፤ እያንዳንዱ ሠዓሊ የራሱን ክፍል ለብቻው ነው ያቀደው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍል ሲታይ በተርታ የተሰቀሉ የተለያዩ ሥዕሎች ይመስላል፤ ታሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው አይፈስም። ለእያንዳንዱ ሕዝብ አንድ አንድ ቦታ ተሰጥቶታል፤ የአንዱ ሕዝብ ታሪክ የሌላውን እንዴት እንደ ነካ ግን አይታይም። የባህል ቀን ከምንለው ብዙም ያልራቀው የግንቡ ክፍል እሱ ነው።

ባካ ይህን አይታ ዝም አላለችም። በ1977 ወደ ሜክሲኮ ሄዳ ኩዌርናቫካ ከተማ በሚገኘው የታላቁ ሠዓሊ የሲኬይሮስ ወርክሾፕ የግድግዳ ሥዕል አሠራር ተማረች። ሰፊ ግድግዳ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ዓይንን እንዴት እንደሚያሻግር አጠናች። በ1978 ሲቀጥሉ ንድፉ አንድ ሆነ። በየበጋው የሚሣለው ወደ 350 ጫማ ቀነሰ። ርዝመቱ ሲያጥር ጥልቀቱ ጨመረ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ውኃ ስለሚያወርድ መሣል የሚቻለው በበጋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቀሩት ወራት የጥናት ወራት ናቸው። የታሪክ ሰዎች ይመጣሉ፤ ዘመኑን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችም መጥተው ያወራሉ። ከዚያ ንድፍ ይወጣል፤ ይተቻል፤ ይሠረዛል፤ እንደገና ይወጣል። የመጨረሻው ንድፍ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ በግንቡ ላይ ወደ ተመሠመረው ትልቅ መረብ ይገለበጣል። ግንቡ አስቀድሞ በአሸዋ ግፊት ይጠረጋል፣ ነጭ ቀለም ይቀባል። በላዩ ሰማያዊ መሥመር፣ ከዚያ ሐምራዊ ሥረ ቀለም፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ቀለም የሚመጣው። ሁሉም ሲያልቅ መስታወት በሚመስል ጥርት ያለ ልባስ ይሸፈናል። ይህን ሁሉ አንድ ልጅ ከስካፎልዲንግ ላይ ሆኖ፣ ከሥሩ ኮንክሪቱ እየጋለ፣ ከጎኑ ከሚሠራው ልጅ መሥመር ጋር እንዲገጥም አድርጎ መሥራት አለበት። የጎረቤትህ አራት ማዕዘን ከተበላሸ የአንተም ይበላሻል፤ ግማሹ ክንድ የእሱ፣ ግማሹ ክንድ የአንተ ነውና። ደቦ ላይ አጠገብህ ያለው ሰው ከኋላ ከቀረ መሥመሩ እንደሚሰበር ማለት ነው።

የተሣለውስ ምንድን ነው? በ1871 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የተቆጣ መንጋ በአንድ ምሽት ቢያንስ 18 ቻይናውያንን የገደለበት ዕልቂት አለ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ ብዙዎቹ አሜሪካ የተወለዱ ሆነው ሳለ፣ ባቡር ላይ ተጭነው የተባረሩበት አለ። በ1942 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ቤታቸውንና ሱቃቸውን ጥለው በሽቦ ወደ ታጠረ ካምፕ የገቡበት አለ፤ ከእነዚያው ቤተሰቦች የወጡ ወጣቶች ለአሜሪካ የተዋጉበት 442ኛ ሬጅመንትም አለ። የደም ፕላዝማ አጠባበቅን ያሳደገው ጥቁሩ ሐኪም ቻርልስ ድሩ አለ፤ በእሱ ዘመን የጥቁር ሰው ደም ከነጭ ሰው ደም ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። አገር ፍለጋ ባሕር ላይ የተንከራተቱ የአይሁድ ስደተኞች አሉ። የጥቁሮች መብት ታጋይዋ ሮዛ ፓርክስ አለች።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ በ1983 የተሣለው የቻቬዝ ራቪን ትዕይንት ነው። ቻቬዝ ራቪን ከከተማው መሐል አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ የነበረ የሜክሲኮዎች ሰፈር ነው። በ1950ዎቹ ነዋሪዎቹ የመኖሪያ ቤት ሊሠራ ነው ተብለው ተነሡ፤ ቤቱ ሳይሠራ ቀረ፤ መሬቱ ለዶጀርስ የቤዝቦል ስታዲየም ሆነ። ሥዕሉ ላይ ስታዲየሙ ከሰማይ እንደሚወርድ የጠፈር መርከብ ሆኖ በሰፈሩ ላይ ይወርዳል። አውራ ጎዳናዎቹ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ በአንድ ቤተሰብ መካከል ይገባሉ፤ ቤተሰቡ እየተያየ ይለያያል። ኮንክሪት ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ሥዕል በኮንክሪት ላይ ሲሣል ያለው ኃይል በቃል አይነገርም። ቤቱ ለልማት ተብሎ የፈረሰበት ሰው ይህን ሥዕል ለማንበብ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የዚህ ሥራ ዋና ነገር ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ የተደባለቀ ስለነበር ማንም የራሱን ወገን ታሪክ ብቻ ሥሎ አልሄደም። ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ ልጅ የጃፓኖቹን ካምፕ ይሥላል። ጥቁሯ ልጅ የተባረሩትን ሜክሲኮዎች ባቡር ትሥላለች። አንድን ፊት ለመሣል ደግሞ ለረጅም ሰዓት ማየት የግድ ነው፤ ይህ ሰው ለምን አዘነ፣ እጁ ላይ የያዘው ምንድን ነው፣ ወዴት ነው የሚወስዱት ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ሰው የሌላውን ሕዝብ መከራ ሲሰማ ብዙ ጊዜ የራሱን አስታውሶ ይወዳደራል፤ የእኛ ይብሳል ይላል። የሌላውን መከራ በራሱ እጅ ለመሣል የተመደበ ልጅ ግን ለመወዳደር ጊዜ የለውም፤ መሥመሩን ማስተካከል አለበት።

ሥራው አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከ1976 እስከ 1983 ባሉት ስምንት ዓመታት መሣል የተቻለው በአምስት በጋዎች ብቻ ነው፤ በቀሩት ዓመታት ገንዘብ ይለመናል፣ ጥናት ይሠራል። ንድፉ በባካ እጅ መጠቃለሉንም የማይወድ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የጋራ ሥራ ከተባለ ለምን አንድ ሰው ይመራዋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ግን ትክክል አደረገች ባይ ነኝ። ሁሉም እንዳሻው የሠራበት የመጀመሪያው በጋ ውጤት ግንቡ ላይ አለ፤ ሄዶ ማነጻጸር ይቻላል። የጋራ ሥራ መሪ አያስፈልገውም የሚለው ሐሳብ ብዙ መልካም ጅምር አበላሽቷል። የሚያስፈልገው ሲነገረው የሚሰማ፣ ስህተቱን አይቶ ለመማር ዕቃውን ጠቅልሎ ሌላ አገር የሚሄድ መሪ ነው።

ባካ ከዚያ በኋላ ይህንኑ አሠራር ከከተማዋ አውጥታ ወደ ዓለም ወስዳዋለች። የዓለም ግንብ የተባለው ተንቀሳቃሽ ሥራ በ1987 ተጀመረ። አንድ አገር ሲደርስ የዚያ አገር ሠዓሊዎች የራሳቸውን ክፍል ይጨምሩበታል። በ1990 ፊንላንድና ሞስኮ ታይቷል፤ ቆይቶም የእስራኤልና የፍልስጤም ሠዓሊዎች አብረው የሣሉት ክፍል ተጨምሮበታል።

እነዚያ ልጆች በቱሁንጋ ዋሽ በሚሥሉባቸው ዓመታት ከ1974ቱ (በእኛ አቆጣጠር 1966) አብዮታችን በኋላ አገር ጥለው የወጡ ኢትዮጵያውያንም በየጊዜው ሎስ አንጀለስ ይገቡ ነበር። አንዳንዶቹ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና አካባቢ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱ፤ በ2002 ከተማው የጎዳናውን ያን ክፍል ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመው። ጎረቤቶቻችን ስለ እኛ እንጀራውን፣ ቡናውን፣ ሩጫውን ያውቃሉ። እነዚያ ሰዎች ለምን እንደ መጡ፣ ማንን ቀብረው ወይም ሳይቀብሩ እንደ መጡ፣ በሱዳን በኩል ስንት ሌሊት በእግር እንደ ተጓዙ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። እኛም ብንሆን ከጎረቤታችን ሱቅ ያለው አርመን፣ ኮሪያዊ ወይም ሳልቫዶራዊ ምን አሳልፎ እንደ መጣ አልጠየቅነውም። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልም፣ በዱባይ ያለነውም ከዚህ አንለይም። የራሳችንን ታሪክ ለመንገር የሚጠይቀን ብናገኝ እናወራለን፤ የሌላውን ለመሸከም ግን ገና አልጀመርንም።

ግንቡ ፀሐይና ውኃ ሲያደበዝዘው ቆይቶ በ2011 ታደሰ። በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። በ2021 ሜለን ፋውንዴሽን ታሪኩ እስከ ዘመናችን እንዲቀጥል አምስት ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ከ2023 እስከ 2024 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ የ1960ዎቹ ክፍል፣ የእርሻ ሠራተኞች ትግልና ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠው የወጡበት ሰልፍ፣ በጎብኚዎች ፊት ተሣለ። አዲሱ ክፍል ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ኋላ ግንቡ ላይ እንዲለጠፍ ነው የታሰበው። ለቀለሙ ዕድሜ ይህ ይሻላል። እኔ ግን ልቤ ኮንክሪቱ ላይ ከወረዱት ልጆች ጋር ነው፤ ሥዕሉ ሲረዝም እነሱን የመሰሉ ልጆችም በብዛት ብሩሽ እንዲይዙበት ከልቤ እመኛለሁ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አሥራ አራት ዓመቷ የነበረች ልጅ ዛሬ ስድሳን አልፋለች፤ የሣለችው ክፍል ግን አሁንም ስሟን ሳይጠራ እዚያው አለ።

ሥዕሉ ያለው ቫሊ ግሌን በሚባለው ሰፈር፣ ኮልድዋተር ካንየን ጎዳና አጠገብ፣ ከበርባንክ ቡሌቫርድ እስከ ኦክስናርድ መንገድ ባለው ቦይ ላይ ነው። ከፌርፋክስ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከቦዩ ዳር ካለው የእግረኛ መንገድ ሆኖ ለማየት ክፍያ የለውም። ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁ የሌላ አገር ሰው የሆነ ጎረቤታችሁንም ይዛችሁ ሂዱና የወገኖቹ ታሪክ ያለበት ክፍል ጋ ስትደርሱ ለልጆቹ እሱ ይንገራቸው።